የሰው ፊት እሳት ነው፦ ለችግረኛ ልጆች በቴሌቪዥን እርዳታ የመጠየቅ ታሪክና የእኛ ጥያቄ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤያችን አንድ ሐሳብ ቀርቦ ሳይወሰን አድሯል። ማኅበራችን ደብተር፣ ዩኒፎርምና የምሳ ወጪ የሚሸፍንላቸውን ልጆች በቴሌቪዥን አቅርበን ገንዘብ እናሰባስብ የሚል ነው። ግማሾቻችን «ሰው በዓይኑ ካላየ አይሰጥም» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «የልጅ ገመና ለአገር አይዘረገፍም» ብለን ተከራከርን። ሁለቱም ወገን የተናገረው እውነት ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄው ለእኛ አዲስ ቢመስልም አገራችን ከሃምሳ ዓመት በላይ ስትመላለስበት ኖራለች። በቴሌቪዥን ለችግረኛ ሕፃናት ገንዘብ ማሰባሰብ በዓለም ላይ ዛሬ የያዘውን መልክ እንዲይዝ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የኢትዮጵያ ልጆች ፊት ነው። ስለዚህ እጃችንን ለድምፅ ከማውጣታችን በፊት ያለፈውን እንየው። ምስሉ ምን እንዳስገኘ፣ ማንን እንደጎዳ፣ ሕዝቡም ስለ ጉዳዩ ምን እንደተሰማው ማወቁ ለውሳኔያችን ይጠቅመናል።

ልጆችን የሚያነጋግር ቴሌቪዥን፣ ልጆችን የሚያሳይ ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ብዙዎቻችን የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን የምናስታውሰው ወይም የሰማነው በአባባ ተስፋዬ ነው። ተስፋዬ ሣህሉ ከጣቢያው መጀመሪያ አንሥተው ወደ አራት አሥርት ዓመታት ያህል ልጆችን ሰላም እያሉ፣ ተረት እየነገሩ፣ እየመከሩ ኖረዋል። በእርሳቸው ፕሮግራም ልጅ ማለት የሚነገረው፣ የሚከበርና የሚሰማ ሰው ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በቴሌቪዥን ሌላ ዓይነት ልጅ መታየት ጀመረ። ይኸኛው ሰላም የሚለው የለም፤ ስሙም አይጠራም። ዓይኑ፣ የጎድን አጥንቱና ፊቱ ላይ ያረፈው ዝንብ ብቻ ይታያል። ስለ እርሱ ሌሎች ይናገራሉ፣ ሌሎች ያለቅሳሉ፣ ሌሎች ይለምናሉ። የምንከራከርበት ነገር ከዚህ ልዩነት ይጀምራል።

የወሎው ፊልም፦ 1966 ዓ.ም.

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ የንጉሡ መንግሥት ነገሩን ደብቆት ነበር። ምስሉን መጀመሪያ ያወጡት የውጭ ሰዎች አይደሉም። የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ አምጥተው በግቢው አሳይተዋል፤ ተማሪዎቹንም ያስቆጣው እሱ ነው። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለውን ፊልም ለአገሩ ሕዝብ በቴሌቪዥን አቀረበ። የእንግሊዝ ሕዝብ ኪሱን ከፈተ፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ።

ፊልሙ አገር ቤት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ግን ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር አቀናብሮ አሳየው። በማግሥቱ መስከረም 2 ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ።

የእነዚያ ልጆች ምስል በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሥራ ሠራ። በውጭ አገር ገንዘብ ሰበሰበ፤ በአገር ውስጥ መንግሥት ጣለ። በሁለቱም ጊዜ ግን ልጆቹንም ሆነ እናቶቻቸውን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። ምስሉ እውነት ነበር፣ ጠቃሚም ነበር፤ ባለቤት ግን አልነበረውም። ባለቤት የሌለው ምስል ደግሞ ያገኘው ሁሉ ለፈለገው ጉዳይ ይጠቀምበታል።

ኮረም፣ 1977 ዓ.ም.

ከአሥር ዓመት በኋላ ረሃቡ ተመለሰ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ሚሊዮኖች አደጋ ላይ መሆናቸውን ለለጋሽ አገሮች በቁጥር አስረድቶ እህል ጠይቆ ነበር። የተሰጠው መልስ ትንሽ ነው። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በደማቁ ሲያከብር ረሃቡን በአደባባይ ማንሣት የማይፈለግ ነገር ሆነ።

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ከኮረም የላኩት ዘገባ በእንግሊዝ ታየ። ጥቂት ደቂቃ ነው። በወራት ልመና ያልተንቀሳቀሰው ዓለም በቀናት ውስጥ ተነሣ። ዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ባልደረቦቹን ሰብስቦ ዘፈን አስቀረፀ። አሜሪካኖቹም የራሳቸውን አወጡ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ኮንሰርት ከለንደንና ከፊላደልፊያ በአንድ ጊዜ ለዓለም በቀጥታ ተላለፈ። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው እንዳየው ይገመታል፤ የተሰበሰበውም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

«ሰው በዓይኑ ካላየ አይሰጥም» የምትሉ እኅቶች ትልቁ ማስረጃችሁ ይህ ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈ ቁጥር ያልቻለውን ምስል ችሏል። በዚያ እህልና መድኃኒት የተረፉ ሰዎች ዛሬ ልጅና የልጅ ልጅ አይተዋል። ይህን መካድ ግፍ ነው።

ነገር ግን ሌላም ነገር ተከተለ። የጌልዶፍ ዘፈን ርእስ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» የሚል ነበር። ገናን ከብዙ የአውሮፓ አገሮች ቀድማ ስታከብር ለኖረች አገር የተጠየቀ ጥያቄ ነው። ቅን ልብ እንደነበራቸው አያጠራጥርም፤ የሚረዱትን ሰው ማንነት ግን አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ ውጭ አገር የሄደ ኢትዮጵያዊ ስለ አገሩ ሲናገር መጀመሪያ የሚገጥመው «ረሃብ ያለበት አገር አይደለም?» የሚል ጥያቄ ሆነ። ስደት የሄዱ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይህን ብዙ ጊዜ ነግረውናል። ምስጋናና እፍረት በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ተቀመጡ።

መልስ ለመስጠትም ተሞክሯል። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኪነ ጥበብ ቡድን ወደ አውሮፓና አሜሪካ ዘልቆ በሙዚቃና በጭፈራ ምስጋና አቀረበ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፦ እህላችሁን ተቀብለናል፣ እናመሰግናለን፤ አሁን ደግሞ እኛን በሙሉ እዩን።

የአንዲት ልጅ ፊት

በላይቭ ኤይድ ቀን እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ከተመደበለት ጊዜ አንድ ዘፈን ቀንሶ አንድ ፊልም እንዲታይ አደረገ። ፊልሙን የቀረፀው የካናዳ ቴሌቪዥን ሲሆን ጋዜጠኛው ብራያን ስቱዋርት ይባላል። በውስጡ መቀሌ በሚገኝ ክሊኒክ ያለች፣ ትሞታለች ተብሎ ተስፋ የተቆረጠባት ትንሽ ልጅ ትታያለች። ብርሃን ወልዱ ናት።

ብርሃን አልሞተችም። አባቷ ተሸክመዋት፣ ታግለው አድነዋታል። ጋዜጠኛው ከዓመታት በኋላ ቤተሰቡን ፈልጎ አገኘና ለትምህርቷ ረዳ። ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. «ላይቭ ኤይት» በተባለው ኮንሰርት ለንደን ሃይድ ፓርክ መድረክ ላይ ወጣች። ያኔ የተማረች ወጣት ነበረች። ቦብ ጌልዶፍ የዱሮውን ምስል አሳይቶ ያቺ ልጅ ይህቺ ናት አለ፤ ዘፋኟ ማዶና እጇን ይዛ ቆመች።

ታሪኳ ደስ ይላል፤ ያሳስባልም። የሞት አፋፍ ላይ የነበረችበት ደቂቃ የዓለም ንብረት ሆኖ ቀርቷል። ካደገችም በኋላ የምትጠራው በዚያ ፊት ነው። እርሷ ቢያንስ ስሟ ታወቀ፣ በራሷ አንደበት የመናገር ዕድል አገኘች። በዚያው ዘመን የተቀረፁት ሌሎች ልጆች ግን ስማቸው ሳይታወቅ ምስላቸው በየፖስተሩ ኖሯል። ከእነርሱ መካከል ያደጉት ራሳቸውን በዚያ ፖስተር ላይ አይተው ይሆን? እናቶቻቸውስ?

አንድ ማርክ፦ ልጅ ሳይታይ የተሰበሰበ ገንዘብ

ከኮረሙ ዘገባ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የሆነ ሌላ ታሪክ አለ። ለእኛ የበለጠ የሚጠቅመን እርሱ ይመስለኛል።

ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ካርልሀይንዝ በም የተባለ ታዋቂ የፊልም ተዋናይ በጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ፕሮግራም ላይ ቀረበ። የተወራረደው ከተመልካቹ ጋር ነው። «ይህን ከምታዩት ውስጥ ከሦስት አንዱ እንኳ በድርቅ ለተጎዳው አፍሪካ አንድ ማርክ አይሰጥም» አለ። ለስዊዞች አንድ ፍራንክ፣ ለኦስትሪያውያን ሰባት ሺሊንግ ነበር የጠየቀው። ውርርዱን እርሱ አሸነፈ፤ ከሦስት አንዱ አልሰጠም። ሆኖም ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ገንዘብ ገባ።

በም ገንዘቡን ለሌላ ድርጅት አስረክቦ ወደ ፊልሙ መመለስ ይችል ነበር። እርሱ ግን በዚያው ዓመት መገባደጃ ኢትዮጵያ መጣ፤ ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም. «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የመጀመሪያ ሥራው ባቢሌ አካባቢ በመጠለያ ይኖሩ የነበሩ ቤተሰቦችን በኤረር ሸለቆ ማስፈር ነው። ከዚያም በተለያዩ ወረዳዎች ትምህርት ቤት፣ የውኃ ጉድጓድ፣ ጤና ጣቢያና የችግኝ ጣቢያ ተሠራ፤ መቱ ላይም የልጆች ማሳደጊያ ቆመ። በየጊዜው ወደ ቴሌቪዥኑ እየተመለሰ ገንዘቡ የት እንደደረሰ ለሰጪዎቹ ይናገር ነበር። ኢትዮጵያ የክብር ዜግነት ሰጠችው፤ ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ሲያርፍም እዚህ ብዙ ሰው አዝኗል።

ያ ምሽት ሁለት ነገር ያስተምረናል። የመጀመሪያው፣ ገንዘቡን ያስገኘው የተራበ ልጅ ፊት ሳይሆን የሰጪው ኅሊና መጠየቁ ነው። ካሜራው ያሳየው ለማኙን ነው፤ ለማኙም በገዛ ፈቃዱ የቆመ ትልቅ ሰው ነበር። አባቶቻችን «የሰው ፊት እሳት ነው» ይላሉ፤ በዚያ ምሽት እሳቱ ፊት የቆመው ራሱ በም ነው እንጂ የሰው ልጅ አላቆመም። ሁለተኛው፣ ጠያቂው ራሱ ወደ ቦታው ሄዶ መልስ ይዞ መመለሱ ነው። ሰው መስጠትን የሚጠላው «የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ሲያጣ ነው።

ሌላው ዓለም ምን ተማረ?

በአሜሪካ «ቴሌቶን» የሚባል ነገር አለ፤ ቴሌቪዥንና ማራቶን ከሚሉት ቃላት የተሠራ ስም ነው። ለብዙ ሰዓታት ያለማቋረጥ ሙዚቃና ልመና ይተላለፋል። ኮሜዲያኑ ጄሪ ሉዊስ ከ1966 እስከ 2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጡንቻ በሚያደክም በሽታ ለተያዙ ልጆች በዚህ መንገድ እጅግ ብዙ ገንዘብ ሰብስቧል። ነገር ግን በልጅነታቸው በዚያ ፕሮግራም የታዩ አንዳንዶች አድገው ተቃዋሚ ሆኑ። ክርክራቸው «እኛ የምንፈልገው ሥራ፣ ትምህርትና መብት ነው፤ እናንተ ግን ሰው እንዲያዝንልን ብቻ አደረጋችሁ፤ የሚያዝንልን ሰው ደግሞ አይቀጥረንም» የሚል ነበር። በእንግሊዝም በ1992 አካል ጉዳተኞች ተመሳሳይ ፕሮግራም በሚተላለፍበት ስቱዲዮ ደጃፍ ላይ ሰልፍ ወጡ፤ ያ ፕሮግራም ከዚያ ወዲህ አልተደገመም።

የኮረም ምስሎች ያስነሡት ክርክርም ፍሬ አፍርቷል። የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ የልማት ድርጅቶች በ1989 ስለ ምስልና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። የሰውን ክብር የሚነካ፣ ሰውን አቅመ ቢስ ብቻ አድርጎ የሚያሳይ ምስል እንዳይጠቀሙ ተስማሙ። ከኢትዮጵያው ረሃብ ተነሥቶ የተቋቋመው የእንግሊዙ «ኮሚክ ሪሊፍ»ም በ2020 ታዋቂ ሰዎችን ወደ አፍሪካ እየላከ መቅረፁን እንደሚያቆምና ሥራውን ለአገሩ የፊልም ባለሙያዎች እንደሚሰጥ አስታወቀ።

በእኛም አገር ሕጉ አለ። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1983 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ ስምምነቱ የልጅን የግል ሕይወትና ክብር ይጠብቃል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። እንግዲህ «ገመና» ብለን የምንጠራው ነገር የባህል ይሉኝታ ብቻ አይደለም፤ በሕግ የተጻፈ መብትም ነው።

በራሳችን አገር፣ በራሳችን እጅ

በ1972 ዓ.ም. አበበች ጎበና ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሲጓዙ ረሃብ ካጠቃቸው ሰዎች መካከል ሁለት ሕፃናትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ከሃያ በላይ ሆኑ። ትዳራቸውንና ሞቅ ያለ ቤታቸውን ለልጆቹ ሲሉ ተዉ፤ እየጋገሩና እየሸጡ አሳደጓቸው። በኋላ ድርጅታቸው አድጎ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ እጅግ ብዙ ልጆችንና እናቶችን ደግፏል። ቴሌቪዥን ወደ እርሳቸው የመጣው ሥራቸውን ሰምቶ ነው። ካሜራው ሲደርስ የሚያሳየው ሥራ ነበረ።

የቅርቡንም እናውቃለን። በ2017 ዓ.ም. ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በቀጥታ ስርጭት የተካሄደው ገቢ ማሰባሰቢያ ቀናት የቆየ ሲሆን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብር አስገኝቷል። ሕዝባችን ደሃ ቢሆንም አይሰጥም የሚባለው ሐሰት መሆኑን አይተናል። ከዚያ በፊት በ2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከድቷቸው የቦረና ወገኖቻችን ከብት ሲያልቅ፣ ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙ ሰው እጁን ዘርግቷል። ጎረቤቶቻችን ስለሆኑ ያንን ከቴሌቪዥን ብቻ አይደለም ያየነው፤ በየቤታችን የገቡ ዘመዶች ነበሩ። ምስሉ ገንዘብ አመጣ፤ ግን ሚሊዮን ከብት የነበረው ኩሩ አርብቶ አደር በአንድ ሳምንት ውስጥ ለአገሪቱ «ተመጽዋች» ተብሎ ሲቀርብ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተዋል።

የራሳችንን የሻኪሶን ነገርም እንጥቀስ። በ2010 ዓ.ም. ነዋሪው በለገ ደምቢ የወርቅ ማውጫ ምክንያት ጤናችን፣ ልጆቻችንና ከብቶቻችን ተጎዱ ብሎ ሲነሣ የተጎዱ ልጆች ምስል በየስልኩ ዞሯል። በግንቦት ወር የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ፤ ሥራው በ2013 ዓ.ም. እንደገና ተጀመረ። ያ ምስል የተሠራጨው ለልመና አልነበረም፤ መብት ለመጠየቅ ነበር፤ የጠየቁትም የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቢሆንም ያኔ የታዩት ልጆች ዛሬ የትምህርት ቤት ልጆች ሆነዋል፤ የሰፈር ልጅ «ያ በስልክ ላይ ያየነው» እያለ ሊጠቁማቸው ይችላል። ለመብት የተነሣ ምስል እንኳ ለልጁ ዋጋ ያስከፍላል፤ ለገንዘብ የሚነሣውማ ምን ያህል ያስከፍለው ይሆን?

ቴሌቪዥን ሳይመጣ እንዴት እንረዳዳ ነበር?

ሻኪሶ ወርቅና ቡና ከየአቅጣጫው ሰው የሰበሰበባት ከተማ ናት። ከጉጂው፣ ከጌዴኦው፣ ከሰሜኑ፣ ከጉራጌው የተቀላቀልን ነን፤ ሃይማኖታችንም ይለያያል። በአንድ ነገር ግን ሁላችንም እንስማማለን፦ የተቸገረን ሰው ስንረዳ እናለብሰዋለን እንጂ አናራቁተውም።

በኦሮሞ ወግ ጉዲፈቻ አለ። በጉዲፈቻ ያደገ ልጅ እንደ አብራክ ክፋይ ይቆጠራል፤ ይወርሳል፣ በአሳዳጊው ስም ይጠራል። «የደሃ ልጅ አሳደግሁ» ብሎ ማውራት ነውር ነው። በቦረናና በጉጂ ቡሳ ጎኖፋ አለ፤ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ተሰብስቦ ከብት አዋጥቶ ያቋቁመዋል። የሚጠየቀው የጎሳው ግዴታ ነው፤ የተቸገረው ሰው እንባ ማሳየት አይጠበቅበትም። በከተማ እድራችንም እንዲሁ ነው። ሐዘን የደረሰባት እናት ምን ያህል እንደተቸገረች አትመረመርም፤ አባል ስለሆነች ይደርሳታል። ክርስትናውም እስልምናውም ምጽዋት በስውር ሲሆን የላቀ ነው ብለው ያስተምራሉ።

እነዚህ ሥርዓቶች ጠባብነት ነበራቸው፤ ለማያውቁት፣ ለሩቁ ሰው አይደርሱም። ቴሌቪዥን ሩቁን ሰው አመጣልን፤ ይህ በጎነቱ ነው። የጎደለው ግን ገመና ሸፋኝነቱ ነው። የእኛ ሥራ ሁለቱን ማስታረቅ ይመስለኛል።

እንግዲህ ምን እንወስን?

ቴሌቪዥን አይምጣ አልልም። የመጋቢት 1976 ዓ.ም. ልመና በወረቀት ብቻ ቀርቶ ምን እንደሆነ አይተናል። የምለው፣ እሳቱ ፊት ልጆቻችንን አናቁም፤ እኛ እንቁም ነው። ለሚቀጥለው ጉባኤ የማቀርባቸው ሐሳቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ የሚቀረፀው የእኛ ሥራ ይሁን። የሳምንት ቁጠባችን፣ የተዘዋዋሪ ብድር መዝገባችን፣ የቡና ለቀማው፣ የዳቦ ቤታችን፣ ከየወሩ ትርፍ ለልጆች የምንመድበው ገንዘብ ይታይ። ለጋሽ «እነዚህ ሴቶች ከጎደላቸው ላይ ከሰጡ እኔስ?» ብሎ እንዲጠይቅ እናድርግ። ያ የበም አንድ ማርክ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጅ ይታይ ከተባለ እየተማረ፣ እየተጫወተ ይታይ። ስለ ወላጆቹ ሞት፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ቤቱ ድህነት አይጠየቅ። አሳዳጊዋም ልጁም ተነግሯቸው ይስማሙ፤ ልጁ «አልፈልግም» ካለ ነገሩ እዚያው ያብቃ። እምቢ ያለ ልጅ ደብተሩና ምሳው እንደማይቀርበት አስቀድመን እንንገረው፤ አለበለዚያ ፈቃዱ ፈቃድ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ምስሉ ባለቤት ይኑረው። ጣቢያው ለዚህ ፕሮግራም ብቻ እንዲጠቀምበት፣ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ጉዳይ እንዳያወጣው በጽሑፍ እንስማማ። የ1966ቱ ፊልም ያስተማረን ይህን ነው።

አራተኛ፣ ሒሳቡ በዚያው ቴሌቪዥን ይመለስ። ምን ያህል ገባ፣ ለምን ዋለ፣ ስንት ልጅ ክፍል አለፈ የሚለውን በዓመቱ ተመልሰን እንናገር፤ በዚህ መጽሔታችንም እናውጣው። ጣቢያው ለዚያ ጊዜ አልሰጥም ካለ መጀመሪያውኑ አንቀበለው።

እንዲህ ካደረግን የምንሰበስበው ገንዘብ በልጅ እንባ ከሚሰበሰበው ሊያንስ ይችላል፤ ይህን ከወዲሁ ተረድተን እንወስን። እንባ ያመጣው ገንዘብ ግን እንባው ሲደርቅ አብሮ ይቆማል፤ ልጆቻችን ደግሞ ደብተር የሚያስፈልጋቸው በየዓመቱ ነው።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ከእኛ የሚያስለቅስ ፎቶግራፍ ባይደርሳችሁ ችግሩ ቀለለ ማለት አይደለም። የሚደርሳችሁ የሒሳብ መግለጫ፣ የትምህርት ውጤትና የእናቶቹ የቁጠባ መዝገብ ነው። እመኑንና በእነዚህ ጠይቁን፤ ልክ ካልሆንን ውቀሱን። ልጆቹ አድገው በራሳቸው አንደበት ታሪካቸውን ለመናገር ሲመርጡ ደግሞ በደስታ እናስተዋውቃችኋለን።

እኅቶች፣ ድምፅ የምንሰጠው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ነው። የልጆቹ አሳዳጊዎች የሆናችሁ ሁሉ እንዳትቀሩ፤ መጀመሪያ የምንሰማው እናንተን ነው።